ያያችሁት እባብ የየትኛው ቤተሰብ ነው? ከፎቶና ለውጦ ከጣለው ቆዳ ደረጃ በደረጃ የመለያ መመሪያ

በየጊዜው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። የደበዘዘ ፎቶ ይመጣል፤ ከሥሩ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ «መርዛማ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ በቀጥታ መልስ መስጠት ይከብዳል። «መርዛማ» የሚባል የእባብ ክፍል የለምና። በዓለም ላይ ከ4,000 በላይ የእባብ ዝርያዎች አሉ። መርዛማ የሚባሉት ወደ 600 ገደማ ናቸው። እነሱም በአንድ ቦታ አልተሰበሰቡም፤ በተለያዩ ቤተሰቦች ውስጥ ተበታትነው ነው ያሉት። አንዳንዱ ቤተሰብ እንዳለ መርዛማ ነው። ሌላው ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ገዳዩና ምንም የማያደርገው አብረው ተመድበዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እባቡ የት እንደሚመደብ ይታወቃል፤ የመርዙ ነገር ከዚያ ይከተላል።

መመሪያው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከእንስሳት ተነስተን ወደ ባለ አከርካሪዎች፣ ወደ ገበሎ አስተኔዎች፣ ወደ እባቦች፣ ከዚያም ወደ ቤተሰብ፣ ወገንና ዝርያ እንሄዳለን። ማስረጃችሁ ያለቀበት ደረጃ ላይ ትቆማላችሁ። «ቤተሰቡ ይኼ ነው፣ ዝርያውን ግን ከዚህ ፎቶ መለየት አይቻልም» ሙሉ መልስ ነው።

ምሳሌዎቹ ከኢትዮጵያ እባቦች የተወሰዱ ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ እስከ ደረጃ 4 ያለውን እንዳለ ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እዚያ ላለ እባብ አትጠቀሙበት። ራትልስኔክ የሚባሉት የአሜሪካ እፉኝቶች በዓይንና በአፍንጫ መካከል ሙቀት የሚለዩበት ጉድጓድ አላቸው። የኛ እፉኝቶች ይህ የላቸውም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዙም ማድረግ የሚችል ስልክ
- እባቡ ለውጦ የጣለው ቆዳ (ከተገኘ)
- ሰፊ ሳህን፣ ለብ ያለ ውሃና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና
- ነጭ ወረቀት፣ ወረንጦ፣ ትንሽ መቀስ፣ ማስመሪያ
- አጉሊ መነጽር (ከሌለ የስልኩ ካሜራ ይበቃል)
- የላስቲክ ጓንት
- ደብተርና እርሳስ

ዱላ፣ ጆንያና ጠርሙስ አያስፈልጉም። እባቡን መያዝ የሚጠይቅ አንድም ደረጃ እዚህ ውስጥ የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ቢያንስ 5 ሜትር ራቁ። አንዳንድ ኮብራዎች መርዛቸውን ከ2 ሜትር በላይ ወደ ዓይን ይተፋሉ። ለመጉዳት መጠጋት አይጠበቅባቸውም ማለት ነው።

የሞተ የመሰላችሁን እባብ አትንኩ። ተቆርጦ የወደቀ ራስ እንኳ ከተቆረጠ በኋላ ሊነክስ ይችላል፤ መርዙም በቦታው አለ። ልጆች በሞተ እባብ እንዳይጫወቱ በተለይ ተጠንቀቁ።

ለመለየት ብላችሁ እባብ አትግደሉ። ብዙ ሰው የሚነደፈው ሊገድል ወይም ሊይዝ ሲጠጋ ነው።

ደረጃ 1፦ ሳትጠጉ አምስት ፎቶ አንሱ

አንድ ፎቶ አይበቃም። እነዚህን ሞክሩ፦ ሙሉ አካሉን፣ ራሱን ከጎን፣ ራሱን ከላይ፣ የወገቡን ቅርፊት፣ ጭራውን። እያንዳንዱ የተለየ ነገር ይነግራል። ከጎን የተነሳ ራስ በአፍንጫና በዓይን መካከል ስንት ቅርፊት እንዳለ ያሳያል። ከላይ የተነሳው ደግሞ አናቱ በትልልቅ ቅርፊቶች ነው የተሸፈነው ወይስ በደቃቅ የሚለውን ይመልሳል። የወገቡ ፎቶ ቅርፊቱ ለስላሳ ነው ወይስ መሐሉ ላይ ሸንተረር አለው ለሚለው ነው። ጭራው አጭርና ወፍራም ወይም ረጅምና ቀጭን መሆኑ እፉኝትን ከሌላው ለመለየት ይረዳል።

መጠኑን ለማሳየት ብላችሁ አጠገቡ ጫማ ወይም ሳንቲም አታስቀምጡ። እባቡ ከሄደ በኋላ ተኝቶበት የነበረውን ድንጋይ ወይም የወለል ንጣፍ ለኩ። ከፎቶው ጋር አስተያይታችሁ ርዝመቱን ታገኛላችሁ።

ከፎቶው ጋር ቦታውን፣ ደጋ ወይም ቆላ መሆኑን፣ ሰዓቱንና እባቡ ምን ያደርግ እንደነበር ጻፉ። ከፍታ ትልቅ ማስረጃ ነው። የቆላ እባብ ደጋ ላይ፣ የደጋውም ቆላ ላይ አይጠበቅም። ሰዎች የቦታውን ስም ይጽፋሉ፣ ከፍታውን ግን ይዘሉታል።

እባቡ ለፎቶ ካልተመቸ ይሂድ። ተከትላችሁት ወደ ቁጥቋጦ አትግቡ።

ደረጃ 2፦ እባብ መሆኑን አረጋግጡ

እግር የሌለው ሁሉ እባብ አይደለም። የሚያምታቱት እነዚህ ናቸው።

የምድር ትል፦ አከርካሪ የለውም፤ አካሉ ዙሪያውን በቀለበት የተከፋፈለ ነው፤ ቅርፊትም ሆነ መንጋጋ የለውም። ደቃቅ እባብ ሲገጥማችሁ ከትል የምትለዩት በቅርፊቱና ምላሱን በማውጣቱ ነው።

እግር አልባ እንቁራሪት አስተኔዎች፦ ሲሲሊያን ይባላሉ። ቆዳቸው እርጥብና ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ ዙሪያውን የቀለበት መስመር አለው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ ከሌላ አገር የማይገኝ አንድ ዝርያ አለ። ከዝናብ በኋላ ከአፈር ሲወጣ «እባብ» ተብሎ ይገደላል። የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ ለሰው አደገኛ አይደለም።

እግራቸው የጠፋ ወይም በጣም ያጠረ እንሽላሊቶች፦ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ከገለጠ እባብ አይደለም። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑ በጥርት ያለ ቅርፊት ተሸፍኗል። ከዓይኑ ኋላ የጆሮ ቀዳዳ ካለም እባብ አይደለም። ብዙ እንሽላሊት ጭራውን ጥሎ ያመልጣል፣ ጭራውም ረጅም ነው። የእባብ ጭራ ግን ከጠቅላላ ርዝመቱ ጥቂቱን ብቻ ይይዛል።

ቀለበታም ተሳቢዎች፦ በአፍሪካ ቀንድ ቆላዎች አሸዋ ውስጥ የሚኖሩ አምፊስቤኒያ የተባሉ እንስሳት አሉ። ቅርፊታቸው በቀለበት የተደረደረ ስለሆነ ከትልም ከእባብም ጋር ይመሳሰላሉ። እነሱም እባብ አይደሉም።

ደረጃ 3፦ የላይኞቹን ደረጃዎች ጻፉ

እባብ መሆኑ ከተረጋገጠ ይህ ክፍል ለሁሉም እባብ አንድ ነው። አንዴ ጻፉትና እለፉ።

- ስፍን፦ እንስሳት
- ክፍለ ስፍን፦ ኮርዳታ (በውስጡ ባለ አከርካሪዎች)
- መደብ፦ ገበሎ አስተኔዎች
- ክፍለ መደብ፦ ስኳማታ (እንሽላሊቶች፣ እባቦችና አምፊስቤኒያዎች)
- ንዑስ ክፍለ መደብ፦ ሰርፔንቴስ (እባቦች)

ኤሊና አዞም ገበሎ አስተኔ ናቸው፤ ስኳማታ ውስጥ ግን አይገቡም። አዞ በዝምድና ከእባብ ይልቅ ለወፍ ይቀርባል። እባብ ደግሞ ከእንሽላሊት ጎን የቆመ ሌላ ነገድ አይደለም፤ ከእንሽላሊቶች መሐል የወጣ ቅርንጫፍ ነው። በዘረመል ማስረጃ መሠረት እስስት ማታ ማታ ግድግዳችን ላይ ከምናየው እንሽላሊት ይልቅ ለእባብ ይቀርባል። ይህን ማወቅ ለሥራችሁ ይጠቅማል፤ እባብንና እንሽላሊትን በአንድ ምልክት ብቻ ለመለየት የሚሞክር ሰው ለምን እንደሚሳሳት ያስረዳልና። ዘመዳሞች ስለሆኑ ምልክቶቹ ይደራረባሉ። ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ምልክት ያዙ።

ደረጃ 4፦ የተለወጠውን ቆዳ አለስልሳችሁ ዘርጉ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ማስረጃ ይህ ነው። አይነክስም፣ አይሸሽም፣ ቅርፊቱም እንዳለ ታትሞበታል። ሰው ግን ቤቱ ሲያገኘው ደንግጦ ያቃጥለዋል። አታቃጥሉት።

ጓንት አድርጉ። ቆዳው ደርቆ የተጨማደደ ከሆነ አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሳሙናዋን ጨምራችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሲለሰልስ በወረንጦ ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ብዙውን ጊዜ እንደ ተገለበጠ ካልሲ ነው የምታገኙት፤ እባብ ቆዳውን ከከንፈሩ ጀምሮ ወደ ኋላ እየገለበጠ ይወጣልና። ስለዚህ በውጪ የምታዩት ገጽ የውስጡ ነው።

ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ በቅደም ተከተል ተመልከቱ።

መጀመሪያ ራሱን። ሁለት ክብ፣ ጥርት ያሉ የዓይን ሽፋኖች ከቆዳው ጋር ካሉ ጥሩ ምልክት ነው። እንሽላሊት ቆዳውን ብዙውን ጊዜ በቁርጥራጭ ነው የሚጥለው። እባብ ግን ጤናማ ከሆነ ከራስ እስከ ጭራ አንድ አድርጎ ያወልቀዋል።

ቀጥሎ ወገቡን። ከራስና ከጭራ እኩል ርቀት ላይ ያለውን ቦታ ፈልጉ። ሰፊውን የሆድ ቅርፊት መሐል ለመሐል በመቀስ ሰንጥቃችሁ ቆዳውን ጠፍጣፋ አድርጉ። ከአንደኛው ግማሽ ቀጥሎ ካለው ትንሽ ቅርፊት ጀምራችሁ፣ በሰያፍ፣ በጀርባው በኩል ዞራችሁ እስከ ሌላኛው ግማሽ ድረስ ቁጠሩ። የሆድ ቅርፊቱ ራሱ አይቆጠርም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ጎደሎ ነው። ሙሉ ቁጥር ከወጣላችሁ ድገሙት። ወገቡ ላይ መቁጠር ግድ የሚሆነው ረድፉ ወደ አንገትና ወደ ጭራ ስለሚቀንስ ነው።

ሦስተኛ ጭራውን ከሥር። የሆድ ቅርፊቶቹ የሚያበቁበት ቦታ ፊንጢጣው ነው። እሱን የምትሸፍነው ቅርፊት አንድ ወጥ ናት ወይስ ለሁለት ተከፍላለች? ከእሷ በታች ያሉት የጭራ ቅርፊቶችስ ነጠላ ነጠላ ናቸው ወይስ ጥንድ ጥንድ? ሁለቱንም ጻፉ።

ሁለት ነገር ከዚህ ቆዳ አትውሰዱ። ቀለም አትውሰዱ፤ የደበዘዘ ጥለት ሊታይ ይችላል እንጂ እውነተኛው ቀለም ከእባቡ ጋር ሄዷል። ርዝመትም አትውሰዱ፤ ቆዳው ሲወልቅ ስለሚለጠጥ ከባለቤቱ ይረዝማል። «ሁለት ሜትር እባብ ቤቴ አለ» ብለው የሚደነግጡ ብዙዎች የለኩት የተለጠጠ ቆዳ ነው።

ስትጨርሱ በሁለት ወረቀት መሐል አድርጋችሁ አድርቁት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ገበሎ አስተኔዎች ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ሆዱን እዩ

የመጀመሪያው ትልቅ መለያ ይህ ነው። በአብዛኛው እባብ ሆድ ሥር አንድ ረድፍ ሰፋፊ ቅርፊት አለ። እባቡ መሬት ቆንጥጦ የሚሄደው በነሱ ነው።

ሆዱም ጀርባውም አንድ ዓይነት ደቃቅ፣ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ከሆነ፣ ዓይኑም ከቅርፊት ሥር ያለ ጥቁር ነጥብ ብቻ ከሆነ፣ ዕውር እባብ ነው። እንደ እርሳስ ወይም ከዚያ የቀጠነ ሆኖ በአበባ ማሰሮ አፈርና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ቤተሰቦች እዚህ ይገባሉ። ታይፍሎፒዴ ጥርሱ በላይኛው መንጋጋ ብቻ ነው፤ ሌፕቶታይፍሎፒዴ ደግሞ በታችኛው ብቻ። ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ አታዩትም። ስለዚህ «ዕውር እባብ» ብላችሁ ቁሙ። ምስጥና ጉንዳን ነው የሚበሉት፤ ሰውን አይጎዱም።

ደረጃ 6፦ ዘንዶ ወይስ የአሸዋ ቦዋ?

ዘንዶ (ቤተሰቡ ፓይቶኒዴ) በወገቡ ዙሪያ ከ70 በላይ የቅርፊት ረድፍ አለው። በቁጥር ብቻ ከሌሎቹ የሚለይ እባብ ቢኖር እሱ ነው። ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለይባቸው ጉድጓዶች አሉ። በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ደግሞ ትንንሽ ጥፍር የሚመስሉ ነገሮች ይታያሉ። የኋላ እግሩ ቅሪት ናቸው። እባብ ባለ እግር ከነበሩ እንሽላሊቶች መምጣቱን በዓይን የምታዩት እዚህ ነው።

የአሸዋ ቦዋ አጭር፣ ወፍራም፣ ጭራው ድንገት የሚያልቅ እባብ ነው። የሚገኘው በቆላ አሸዋ ውስጥ ነው። አናቱ ላይ ደቃቅ ቅርፊት ስላለ ከእፉኝት ጋር ያምታታል። ልዩነቱ ራሱ ከአንገቱ አለመለየቱ ነው። ሁለቱም ቤተሰቦች መርዝ የላቸውም። ትልቅ ዘንዶ ግን በጥርሱና በጉልበቱ አደገኛ ነው።

ደረጃ 7፦ እፉኝት ነው?

ቤተሰቡ ቫይፐሪዴ ይባላል። በቤተሰቡ ያሉት በሙሉ መርዛማ ናቸው። የመርዝ ጥርሳቸው ረጅምና በላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት የሚታጠፍ ነው።

እነዚህን አንድ ላይ ፈልጉ፦ ወፍራም አካል፣ አጭር ጭራ፣ ከአንገት በግልጽ የሰፋ ራስ፣ አናት ላይ ደቃቅ ቅርፊት፣ ሸንተረር ያለው የጀርባ ቅርፊት፣ ቁልቁል የተሰነጠቀ የዓይን ብሌን።

በብዛት የሚላክልኝ ቢቲስ አሪየታንስ ነው። ጀርባው ላይ ጫፋቸው ወደ ጭራ የሚያመለክት የቀስት ምልክቶች ተደርድረዋል። ረድፉ ብዙውን ጊዜ ከ30 ያልፋል። ይህ እባብ አይሸሽም። በቀለሙ ተማምኖ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ሰው የሚረግጠውም ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ዘመዶችም አሉት። አንዱ ከባሌ ተራሮች አካባቢ የሚታወቀው ቢቲስ ሀሬና ሲሆን ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ተብሎ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ደጋ ላይ ያያችሁትን እፉኝት ቸኩላችሁ «አሪየታንስ» እንዳትሉ ይህን አስታውሱ።

ኤኪስ የሚባለው የቆላ እፉኝት ትንሽ ነው። ሲቆጣ አካሉን አጥፎ የጎኑን ቅርፊቶች እርስ በርስ ያፋትጋል፤ ድምፁ የፈላ ዘይት ላይ ጠብታ ውሃ እንደወደቀ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዳሲፔልቲስ የሚባል እንቁላል ብቻ የሚበላ፣ መርዝ የሌለው እባብ አለ። በቀለምም፣ በአጥፎ መቀመጡም፣ በድምፁም ኤኪስን ይመስላል። የዓይን ብሌኑም እንደሱ የተሰነጠቀ ነው። ታዲያ በምን ይለያሉ? የእንቁላል በሊው አናት ላይ ትልልቅ ቅርፊቶች አሉ፤ የኤኪስ አናት በደቃቅ ቅርፊት ተሸፍኗል። ለውጦ የጣለው ቆዳ ካላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ያልቃል፦ ከጭራው ሥር ያሉት ቅርፊቶች በኤኪስ ነጠላ፣ በእንቁላል በሊው ጥንድ ናቸው። ሕይወት ያለው እባብ ከፊታችሁ ካለ ግን ይህን ለማየት አትጠጉ፤ ኤኪስ ነው ብላችሁ ራቁ።

የሌሊት እፉኝት (ካውሰስ) ሕጉን ያፈርሳል። እፉኝት ሆኖ ሳለ ብሌኑ ክብ ነው፣ አናቱም ላይ ትልልቅ ቅርፊቶች አሉት። በአጭርና ደንዳና አካሉ፣ በአጭር ጭራው ያዙት።

ደረጃ 8፦ ኮብራ ወይስ ማምባ?

ቤተሰባቸው ኢላፒዴ ነው። ይህም ቤተሰብ መርዛማ ነው። የመርዝ ጥርሳቸው አጭርና ፊት ለፊት የተተከለ እንጂ የሚታጠፍ አይደለም። ብሌናቸው ክብ ነው፣ ቅርፊታቸው ለስላሳ፣ አናታቸው በትልልቅ ቅርፊቶች የተሸፈነ። ላልለመደ ሰው መርዝ የሌለውን እባብ ይመስላሉ።

ዋናው መለያ ራሱን ከጎን ባነሳችሁት ፎቶ ላይ ነው። አፍንጫው የተከፈተበትን ቅርፊት አግኙ። ከዓይኑ ፊት ያለችውንም አግኙ። በሁለቱ መካከል ሌላ ቅርፊት ከሌለ፣ ማለትም ሁለቱ ከተነካኩ፣ የኢላፒዴ ምልክት ነው። ኮሉብሪዴ ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ አብዛኞቹ እባቦች ግን በሁለቱ መካከል አንዲት ተጨማሪ ቅርፊት አለቻቸው።

ኮብራ አንገቱን የሚዘረጋው ሲቆጣ ብቻ ነው። እየሸሸ ያለ ኮብራ ተራ ቡናማ እባብ ነው የሚመስለው። ከኮብራዎች መሐል የግብፅ ኮብራን (ናያ ሀጄ) መለየት ከፈለጋችሁ ከዓይኑ ሥር እዩ። በዓይኑና በላይኛው ከንፈር መካከል ትንንሽ ቅርፊቶች ጣልቃ ገብተዋል። በሚተፉት ኮብራዎች ግን የከንፈሩ ቅርፊት ዓይኑን ይነካል።

ጥቁር ማምባ አካሉ ጥቁር አይደለም። ግራጫ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው፤ ጥቁሩ የአፉ ውስጥ ነው። ጥቁር ስላልሆነ ብቻ «ማምባ አይደለም» ያሉኝ አሉ። ረድፉ ከ21 እስከ 25 ነው፤ ይህን ለሚቀጥሉት ደረጃዎች ያዙት።

ደረጃ 9፦ ትንሽ፣ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ከሆነ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። አትራክታስፒስ የሚባል ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር እባብ አለ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዓይኑ ደቃቅ፣ ራሱ ከአንገቱ የማይለይ፣ ጭራው ጫፍ ላይ ትንሽ እሾህ ያለው ነው። ምስኪን ይመስላል። ግን አፉን ሳይከፍት የመርዝ ጥርሱን በጎን አውጥቶ ወደ ኋላ መውጋት ይችላል። ስለዚህ ሌላውን እባብ ከራሱ ኋላ የሚይዝ ባለሙያ እንኳ ይህን እንደዚያ መያዝ አይችልም። ጥቁር ደቃቅ እባብ በጭራሽ በእጅ አታንሱ።

ደረጃ 10፦ የቀሩት

ከላይ የትም ካልገባ ትልቁ ክምር ውስጥ ነን። እዚህ በብዛት የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው።

የቤት እባብ (ቦይዶን፣ ቤተሰቡ ላምፕሮፊዴ)፦ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በራሱ ጎን ነጣ ያለ መስመር ያለው። ብሌኑ የተሰነጠቀ ስለሆነ «እፉኝት» ተብሎ ይገደላል። መርዝ የለውም፤ አይጥ ይበላል። ቅርፊቱ ያለ ሸንተረር መሆኑ ከእፉኝት ይለየዋል።

የአሸዋ ሯጭ (ሳሞፊስ)፦ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀን የሚወጣ፣ ትልቅ ዓይን ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ቁመቱን ተከትሎ መስመር ያለው። ፍጥነቱን ያየ «ማምባ» ይላል። የቅርፊት ረድፉ ግን በብዛት 17 ወይም ከዚያ በታች ነው። በአፍንጫና በዓይን መካከልም ተጨማሪዋ ቅርፊት አለች።

ቡምስላንግ (ዲስፎሊደስ፣ ቤተሰቡ ኮሉብሪዴ)፦ የዛፍ እባብ ነው። ዓይኑ በጣም ትልቅ፣ ራሱ አጭር፣ ቅርፊቱ ጠባብና ሸንተረራም። የመርዝ ጥርሱ ወደ አፉ ኋላ ነው፤ መርዙ ግን ሰው ይገድላል። «ኮሉብሪዴ ከሆነ ችግር የለውም» የሚለው አባባል የሚወድቀው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርል ሽሚት የተባሉ ታዋቂ የእባብ ተመራማሪ ቺካጎ ውስጥ እንዲለዩት የመጣላቸው ወጣት ቡምስላንግ ነክሷቸው በማግስቱ ሞቱ። ያጠራጠራቸው የፊንጢጣዋ ቅርፊት ነበረች። በቡምስላንግ የተከፈለች መሆን ሲገባት በዚያ እባብ ላይ ወጥ ነበረች። ቢያንስ ሁለት ምልክት ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ደረጃ 11፦ መልሱን ከነማስረጃው ጻፉ

እንዲህ አድርጉ፦ «ንዑስ ክፍለ መደብ፦ እባቦች። ቤተሰብ፦ ቫይፐሪዴ። ወገን፦ ቢቲስ። ዝርያ፦ አልተለየም። ማስረጃ፦ አናቱ ላይ ደቃቅ ቅርፊት፣ ባለ ሸንተረር ጀርባ፣ አጭር ጭራ። ቦታ፦ ደጋ፣ የጫካ ዳር። የጎደለ፦ ራሱ ከጎን የተነሳ ፎቶ።» የጎደለውን መጻፍ ጠቃሚ ነው። ነገ ሌላ ፎቶ ሲገኝ ከቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

*«ብሌኑ ክብ ከሆነ መርዝ የለውም።»* ይህ ከሌላ አህጉር የመጣ ምክር ነው። ኮብራ፣ ማምባና ቡምስላንግ ሁሉም ክብ ብሌን አላቸው።

*«ራሱ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ስለዚህ መርዛማ ነው።»* መርዝ የሌላቸው ብዙ እባቦች ሲፈሩ ራሳቸውን ያሰፋሉ።

*በቀለም ብቻ መለየት።* አንድ ዝርያ በተለያየ ቀለም ይገኛል፤ ወጣቱም ከአዋቂው ይለያል።

*ኢንተርኔት ላይ «የሚመስል» ፎቶ ፈልጎ መወሰን።* መጀመሪያ ቤተሰቡን አግኙ፣ ከዚያ በአካባቢያችሁ ካሉት የዚያ ቤተሰብ እባቦች ጋር ብቻ አስተያዩ። የስልክ መተግበሪያ የሚሰጣችሁን ስምም በዚሁ መንገድ ፈትሹት።

ሰው ከተነደፈ

መለየቱን ተዉት። የተነደፈው ሰው አይንቀሳቀስ፤ ቀለበት፣ አምባርና የእጅ ሰዓት አውልቁ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ ጥቁር ድንጋይም አትለጥፉ። ዓይን ውስጥ መርዝ ከተተፋ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡና ወደ ሐኪም ሂዱ። ቀድማችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ካለ ለሐኪሙ አሳዩ። ከሌለ ግን እባቡን ፍለጋ አትሂዱ። ሐኪሙ በሽተኛው ላይ የሚታየውን ምልክት ተከትሎ ማከም ይችላል።

ጥያቄ ስትልኩልኝ

አምስቱን ፎቶዎች፣ ቦታውን ከነከፍታው፣ ሰዓቱን፣ ቆዳ ካገኛችሁ የረድፉን ቁጥርና የጭራውን ሥር ፎቶ አያይዙ። ከደረጃ 2 እስከ 10 የት ላይ እንደቆማችሁም ጻፉልኝ፤ እኔም ከዚያው እቀጥላለሁ።